የማስቲሽ ሽታና የከሰል በርሜል

(በተመራቂዎች የመገናኛ ምሽት፣ ሐዋሳ ፒያሳ፣ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው የጋበዘኝ «ከሙያ ሕይወትሽ አንድ ቁም ነገር ያለው ነገር አቅርቢ፤ ግን እራቱ እንዳይቀዘቅዝ» ብሎ ነው። እኔ ስገባ የዩኒቨርሲቲያችን ስም ደቡብ ነበር፤ ስመረቅ ሐዋሳ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የድሮ ወሬ ሞልቶኛል፤ ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌ፣ ስለ አናቶሚ ፈተና ሳወጋ ማምሸት እችል ነበር። ግን እሱን እራት ላይ እናወጋዋለን። አሁን ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ ከሰል ነው። ስለ ከሰልና ስለ ማስቲሽ።

እኛ ሐኪሞች ከሰልን የምናውቀው ከድንገተኛ ክፍል ነው። መድኃኒት ከመጠን በላይ ውጦ ለመጣ አዋቂ 50 ግራም አክቲቬትድ ቻርኮል በውኃ በጥብጠን እናጠጣዋለን። ቶሎ ከመጣ፣ በተለይ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ከሆነ፣ ጥሩ ይሠራል። ግማሹን ደግሞ ጋዋናችን ላይ ይመልስልናል። የኢንተርን ጋዋን ላይ ጥቁር ጠብታ ከሌለ ልጁ ተረኛ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው! አልኮልን በደንብ አይዝም፣ ብረትን አይዝም፣ ሊቲየምን አይዝም፤ ላምባ ለጠጣ ልጅም አንሰጥም። ይኼን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናል። ይኸው ከሰል ፋብሪካ ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ የማስቲሽና የቲነር ትነትን ከአየር ላይ እንደሚይዝ ግን እኔ ያወቅኩት ከተመረቅኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያውም ከተሳሳትኩ በኋላ።

ስህተቴን ልንገራችሁ።

አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ወደ ተመላላሽ ክፍሌ መጣ። «ዶክተር፣ እግሬን ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል፤ ባዶ እግሬን ሆኜም ካልሲ ያለ ይመስለኛል» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ገለጻ የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኝም። ስኳሩን አየሁ፣ ደህና ነው። ኤች አይ ቪ ነጌቲቭ። አይጠጣም። ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል። ቢ ኮምፕሌክስ ጻፍኩለትና «ከወር በኋላ ተመለስ» አልኩት። ካርዱ ላይ ሥራ የሚለው ቦታ «የግል» ይላል። የግል ምን? አልጠየቅኩም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ በእናቱ ክንድ ተደግፎ መጣ። ሲራመድ የእግሩ ጣቶች መሬት እየጎተቱበት፣ እንዳይደናቀፍ ጉልበቱን እንደ ዶሮ ከፍ እያደረገ ነው። እጁም ጀምሮታል፤ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶታል። እኔ ገና ካርዱን እያገላበጥኩ እናቱ ቀደሙኝ። «ዶክተርዬ፣ ይኼ ልጅ ማታ ሲገባ ቤቱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ልብሱን ውጭ ነው የማሰጣው። እሱ ይሆን እንዴ የያዘው?» አሉኝ።

ምርመራውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ያደረግኩት ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ መግለጥ ብቻ ነው።

ጫማ ሠሪ ነው ልጁ። ጫማ ማጣበቂያ ውስጥ ካሉት ፈሳሾች አንዱ ሄክሴን ነው። በሳንባ ይገባል፣ ጉበት ውስጥ ወደ 2,5-ሄክሳንዳዮን ይለወጣል፣ እሱ ነርቭን ከጫፉ ጀምሮ ይገድላል። ረጅሙ ነርቭ ቀድሞ ስለሚጎዳ ነገሩ ከእግር ይጀምራል። ሥራውን አስቆምኩት። ለሁለት ወር ያህል ግን ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። በዚህ በሽታ የታወቀ ነገር ነው፤ ከመርዙ ከራቁ በኋላም ለሳምንታት እየባሰ ሄዶ ከዚያ ነው የሚመለሰው። አስቀድሜ ባላነበው ኖሮ «ማስቲሹ አይደለም» ብዬ ወደ ሥራው እመልሰው ነበር። ሄክሴን ነው ብዬ ግን መማል አልችልም። ሽንቱን የምመረምርበት አልነበረኝም፤ የማስቲሹ ጣሳ ላይ የሚነበበውም «በቀላሉ ይቀጣጠላል» የሚለው ብቻ ነበር።

ጉዳዩ ለዓለም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ እቤታቸው ሳንዳል የሚያጣብቁ ሰዎች ልክ እንደዚህ ልጅ ሆነው ተገኝተዋል። ቱርክ ውስጥ ደግሞ ሙዛፈር አክሶይ የሚባሉ የደም ሐኪም ኢስታንቡል ላይ ጫማ ሠሪዎች እየደጋገሙ ሲመጡባቸው «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ማስቲሹ ውስጥ ቤንዚን ነበረበት። የመኪናውን ማለቴ አይደለም፤ ኬሚስቶች ቤንዚን የሚሉትን፣ የደም ካንሰር የሚያመጣውን። እ.ኤ.አ. በ1974 የሃያ ስድስት ጫማ ሠሪዎችን ጉዳይ አሳተሙ። ቤንዚኑ ሲቀር የበሽተኛው ቁጥር ቀነሰ። ግን ልብ በሉ፣ በብዙ አገር ቤንዚኑን የተካው ሄክሴን ነው። ከደም ወደ ነርቭ ተዛወርን ማለት ነው።

ከዚያ ወርክሾፑን ማየት አለብኝ አልኩ። በኬሚካል ምህንድስና የተመረቀ አንድ የዩኒቨርሲቲያችን ልጅ ይዤ ሄድኩ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ «ስሜን እንዳትጠሪ» ስላለኝ ኢንጂነሩ እለዋለሁ። ወርክሾፑ ከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አራት በአምስት ሜትር የሆነች ክፍል፣ ስድስት ልጆች፣ አንድ መስኮት፤ እሱም በአቧራና በሌባ ምክንያት የተዘጋ። የማስቲሹ ጣሳዎች ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። ሁለቱ ልጆች ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ጭንብል አድርገዋል። ምራቅን ያግድ ይሆናል እንጂ ለትነት በሩ ክፍት ነው። አንደኛው ማስቲሹን በጣቱ ይቀባል፤ ሲጨርስ እጁን በቲነር ይታጠባል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ሲያዘንብብን የጋዝ ጭንብል ዓለም ላይ ነበረ፤ ውስጡም ያው ከሰል ነው። አባቶቻችን ግን አብዛኞቹ አልነበራቸውም። ቢኖራቸውም ሳንባቸውን እንጂ ባዶ እግራቸውንና ቆዳቸውን አያድንላቸውም ነበር። ከሰል የሚያጣራው በውስጡ ያለፈውን ብቻ ነው። እጁን በቲነር ለሚታጠብ ልጅ ጣሪያው ላይ የሚሰቀል ማጣሪያ ለእጁ ምንም አያደርግለትም።

ወደ ወርክሾፑ ልመለስ። ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጁ ሲታመም ደመወዙን አላቋረጡም፤ እኛንም «ግቡ ልጆቼ» ብለው ቡና አቀረቡልን። ደግሞም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጥግ ላይ አንድ በርሜል አቁመዋል፤ ታቹ ተበስቷል፣ ላዩ ላይ አሮጌ ቬንትሌተር ተገጥሞበታል፣ ውስጡ ከገበያ የተገዛ የማንደጃ ከሰል ሞልቶበታል።

«ፍሪጅ ውስጥ ከሰል ሲያስቀምጡ ሽታ ይጠፋል አይደል? እኔም እንደዚያ ብዬ ነው» አሉን።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ተነካ። እኛ ለፈተና የሸመደድነውን ጋሼ ከፍሪጅ ተነሥተው ደርሰውበታል። «ታዲያ ሠራ?» አልናቸው። «ሦስት ቀን ሽታው ቀነሰ፤ ከዚያ ተመለሰ። አሁን ግን አይሸተንም» አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔ ያለቅሳል። አፍንጫ ይለምዳል፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ የዋለ ሰው ሽታ የለም ቢል ከሰሉን አትመኑ፣ አፍንጫውንም አትመኑ።

ኢንጂነሩ በርሜሉን ዞር ዞር ብሎ አየና «አሮጌውን ከሰል ምን አደረጉት?» አለ።

«ቡና አፈላንበት።»

እጄ ላይ ያለውን ስኒ አየሁት። ከዚያ ነው ኢንጂነሩ ወለሉ ላይ በጠመኔ እየሳለ ማስረዳት የጀመረው። እኔም ከልጆቹ ጋር ቁጢጥ ብዬ ተማርኩ። የገባኝን ያህል ላስተላልፍላችሁ።

የማንደጃ ከሰልና አክቲቬትድ ካርቦን ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ግን ትምህርት ቤት ገብቷል። ከሰሉን ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሙቀት ላይ በእንፋሎት ሲያበስሉት ውስጡ ይቦረቦራል። የእንጀራ ዓይን አስቡ። ዓይኑ ውስጥ ሌላ እንጀራ አለ፣ የእሱም ዓይን ውስጥ ሌላ። የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽታ ቢዘረጋ 1000 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ ሰባት ግራም ይይዛል፤ አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ማለት ነው። ትነቱ የሚለጠፈው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። እንደ ስፖንጅ አይመጠጥም፣ አይቃጠልም፣ አይጠፋም፤ ተለጥፎ ይቀመጣል። የጋሼ ከሰልም ትንሽ ይዟል፤ ግድግዳው ትንሽ ስለሆነ ግን ቶሎ ጠገበ። ሲሞቅ ደግሞ የያዘውን ይለቃል። ለዚህ ነው ቡናው ያስደነገጠኝ። የጠገበ ከሰል እሳት ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመለሰው ማስቲሹ ነው።

አጠጋገቡን ደግሞ በዚህ አዳራሽ ላሳያችሁ። ዛሬ ማታ ስትገቡ በር አጠገብ ያሉት ወንበሮች ቀድመው ሞሉ። ቀጥሎ የመጣው ትንሽ አለፈና ተቀመጠ፣ የሚቀጥለው ደግሞ ትንሽ አለፈ፤ ፊት ያሉት የመምህራን ወንበሮች እንደ ልማዳችን መጨረሻ ላይ ሞሉ። የካርቦን አልጋም እንዲሁ ነው። ትነቱ በሚገባበት በኩል ያለው ካርቦን ቀድሞ ይጠግባል፤ የሚይዘው ሽፋን ቀስ እያለ ወደ መውጫው ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መውጫው ላይ የሚወጣው አየር ንጹህ ነው። አንድ ቀን ሽፋኑ መውጫው ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ትነቱ ዝም ብሎ ያልፋል። በርሜሉ ያው በርሜል፣ ቬንትሌተሩ ያው ድምፅ ያሰማል፤ ሥራው ግን ቆሟል። እንዲያውም ከበድ ያለ ትነት ሲመጣ ቀለል ያለውን ከወንበሩ አስነሥቶ ሊያባርረው ይችላል፤ ያኔ ከገባው የበለጠ ይወጣል። ማጣሪያ አለ ብሎ መስኮቱን የዘጋ ሰው ምንም ማጣሪያ ከሌለው ሰው የባሰ ይጎዳል።

ፋብሪካዎች ይኼን ስለሚያውቁ ሁለት አልጋ ይሠራሉ። አንዱ ሲሠራ ሌላው በእንፋሎት ይታጠባል፤ የወጣው ፈሳሽ ቀዝቅዞ ይሰበሰብና ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። በቶሉዊን ቀለም የሚያትሙ ትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ወጪያቸውን የሚመልሱት በዚህ ነው። የራሱ ጣጣ ግን አለው። ከካርቦኑ በፊት አቧራውና የቀለም ብናኙ መጣራት አለበት፤ አለዚያ ዓይኑን ይደፍነዋል። የአየሩ እርጥበት ከግማሽ ሲያልፍ ውኃው ራሱ ወንበር ይይዛል። ማስቲሽ ውስጥ የሚገኝ ሜቲል ኢቲል ኬቶን የሚባል ፈሳሽ አለ፤ የሄክሴንን የነርቭ ጉዳት ያብሳል፣ ካርቦን ላይ ሲከማች ደግሞ እየጋለ አልጋውን እስከማቃጠል ይደርሳል። ሜታኖልን ካርቦን እምብዛም አይዝም። ድንገተኛ ክፍል የሸመደድነው ዝርዝር ፋብሪካ ውስጥም እንዳለ ስሰማ እንደ ተማሪ ደስ አለኝ።

«እሺ፣ ለእኛ ስንት ኪሎ ይበቃናል?» አሉ ጋሼ። ነጋዴ ናቸውና ጥያቄያቸው ቁም ነገር ነው። ኢንጂነሩ እዚያው ጠመኔውን አነሣ። በሳምንት አሥር ሊትር ማስቲሽ ይጠቀማሉ እንበል፤ ከዚያ ውስጥ ስድስት ኪሎ ያህሉ የሚተን ፈሳሽ ነው። ካርቦን በሥራ ላይ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ቢይዝ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሁሉም ትነት ቢሰበሰብ በሳምንት 60 ኪሎ ካርቦን ያስፈልጋል። ግማሹ ብቻ ቢሰበሰብ 30 ኪሎ። በየሳምንቱ!

ጋሼ ሳቁ። «ልጄ፣ እንደዚያ ከሆነ ጫማውን ትቼ ካርቦን ልነግድ» አሉ።

እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ዋናው ነገር ይኼ ሂሳብ ነው። ካርቦን ለትልቅ ፋብሪካ፣ እንፋሎት ላለው፣ መውጫውን በመሣሪያ ለሚለካ፣ የጠገበበትን ቀን ለሚመዘግብ ግሩም ነገር ነው። ለአንድ ክፍል ወርክሾፕ ግን የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። እዚያ ወርክሾፕ በመጀመሪያው ቀን ያደረግነው ክዳን መክደን ነው። ጣሳው ላይ ክዳን፣ መሐሉ ላይ ብሩሽ የምታልፍበት ቀዳዳ። ማስቲሽ የመቀባቱ ሥራ መስኮቱ ሥር ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ቬንትሌተሩ ከበርሜሉ ተነሥቶ መስኮቱ ላይ ተገጠመ፤ ከላሜራ የተሠራ መሳቢያ ተደረገለት፣ ወደ ጎረቤት ሳይሆን ከጣሪያ በላይ እንዲያስወጣ ሆነ። ቬንትሌተሩ ብልጭታ እንዳያመጣ ኢንጂነሩ ሞተሩን ከአየሩ መንገድ አወጣው። በቲነር እጅ መታጠብ ተከለከለ። ለሶል ማጣበቂያ ባይሆንም ለገበሩ በውኃ የሚሠራ ማስቲሽ እየሞከሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ልጆቹም ያማርራሉ።

«ታዲያ ትነቱን ወደ ሰማይ ለቀቃችሁት» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ የአካባቢ ሳይንስ መምህራኖቻችን ፊት ላይ አየዋለሁ። ልክ ናችሁ፣ ለቀቅነው። ለስድስቱ ልጆች ዛሬ፣ ለከተማው ነገ ብለን መረጥን፤ ምርጫው አይጣፍጠኝም። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የታቀደው። ያቺ አራት በአምስት ክፍልም መውጫ የላትም። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪውን የሠራተኛውን ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ደግሞ ስለ አየሩ ይናገራል። ሁለቱም ፒያሳ ጓዳ ውስጥ ላለች ወርክሾፕ የሚደርሱት ሰው እግሩን አንሥቶ ሲሄድ ነው።

ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ድፍረት እንዳይሆንብኝ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከቡና ገለባ አክቲቬትድ ካርቦን ስለመሥራት ብዙ ተጽፏል፤ ሲዳማ ላይ ተቀምጠን ገለባ አጣን አንልም። እኔ ያነበብኳቸው ጥናቶች ግን በብዛት ቀለም ካለበት ውኃ ላይ የተሞከሩ ናቸው። በአየር ይሞከርልን። በደረቅ ላብራቶሪ አየር ሳይሆን በሐዋሳ ክረምት እርጥበት፣ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለው ሙቀት፣ በእውነተኛው ማስቲሽ ትነት። ስንት ኪሎ ስንት ቀን ይቆያል? የጠገበውስ የት ይሄዳል? አንድ የማስተርስ ተማሪ ይኼን ቢመልስልን ጋሼ ቡናውን በሌላ ከሰል ያፈሉለታል።

ለሕክምና መምህራን ደግሞ ያለኝ ትንሽ ነው። ካርዱ ላይ «የግል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካያችሁ መልሱት።

ልጁ? ስምንተኛው ወር ላይ እግሩን ማንሳት ጀመረ። አሁን ያለ ዱላ ይሄዳል፤ ደረጃ ሲወርድ ግን ግድግዳ ይይዛል፣ ሩጫ የለም። ወደ ጫማው አልተመለሰም፤ ስልክ መለዋወጫ ይሸጣል። እናቱ በፊት በፊት ሲያመጡት «ዶክተርዬ» ይሉኝ ነበር፤ አሁን በስሜ ነው የሚጠሩኝ። ስለ ቢ ኮምፕሌክሱ ነግሬያቸዋለሁ። ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲህ አሁን ጠይቂ» ነው ያሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከኢንጂነሩ ጋር ወደ ሁለተኛ ወርክሾፕ እንሄዳለን፤ ይኼኛው የቤት ዕቃ ቫርኒሽ የሚረጭ ነው፣ ከጋሼው የባሰ ሳይሆን አይቀርም። መሣሪያ የሚያውስ፣ ላሜራ የሚቆርጥ፣ ወይም ዝም ብሎ ማየት የሚፈልግ ካለ ፒያሳ ገብርኤል ፊት ለፊት እንገናኝ። ለመርጨት የሚጠቀሙበትን ጣሳ ፎቶ አንሥቼ ይዣለሁ፤ ቻይንኛ የሚያነብ ሰው ካለ እራት ላይ ይፈልገኝ።